ጁምዓ ቀን የደፈንኩት ቦይ

ትላንት ሦስት ወጣቶች ቤቴ ድረስ መጡ። ከኮምቦልቻ ወረድ ብሎ ያለው ጨፌ ላይ ደግሞ የቤት ችካል ሊተከል ነው አሉኝ። «ጋሼ ሙሄ፣ በደርግ ጊዜ ያስጣሉት እርስዎ ነዎት አሉ። ከነገ ወዲያ ስብሰባው ላይ ለወፎቹ የነበረዎትን ፍቅር ይንገሩልን።» ጉሮሮዬን ጠርጌ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። ውሸት አይደለም። ፍቅር የምትለዋ ላይ ግን ትንሽ አሳለኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ። ያኔ እኔ በደንብ የማውቀው ወፍ ዶሮ ነው፤ እሱንም ወጥ ውስጥ። ከትምህርት ጋር ሦስተኛ ክፍል ላይ በሰላም ተለያይተናል። የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ፤ ከደጋን እስከ ደሴ የማያውቀኝ ሻይ ቤት የለም። ቁመት በሉ፣ አፍሮ በሉ፣ ጨዋታ በሉ፣ ሁሉም ነበረኝ። ዘይነባ ብቻ አልነበረችኝም።

ዘይነባ የሸህ ይማም ልጅ ናት። ቤታቸው ጨፌው ዳር ነው፤ በበጋ አገሩ ሲደርቅ ከብቶቻቸው የሚግጡት የዚያን ሣር ነው። ከደሴ በወረድኩ ቁጥር ሰኞ ገበያ ካለው አረብ ቤት ሐላዋ እገዛላታለሁ። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ እስክንጨርስ ደረቴ ላይ ሞቆ ወረቀቱን በዘይት ያርሰዋል። አንድ ቀን ታዲያ ከሰይድ ጋር ግማሽ ግማሽ ሲበሉት አየኋቸው። የኔን ሐላዋ። ሰይድ ማለት የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ አንዲት ቀልድ የማይችል። ምኑን አይታ እንደሆነ ወላሂ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ሸህ ይማም «መጀመሪያ ቤት ሥራ፣ ከዚያ ኒካ» ብለውታል። እሱም የቤት ሠሪዎች ማኅበር ገባ። ማኅበሩ ጨፌውን ተመራ፣ ውሃው ወደ ቦርከና ወንዝ እንዲወርድ ቦይ ቆፈረ፣ ዕጣ አወጣ፣ ችካል ተከለ። ሰይድ ችካሉ ጋ ወስዶ አሳየኝ።

«ሙሄ፣ እዚህ ጋ በረንዳው ነው። ዘይነባ ወፎቹን ማየት ትወዳለች።»

«ቤት ከተሠራ ወፍ የት ይገኛል?»

«ጥቂቱ አይጠፋም» አለ፣ ፈገግ ብሎ።

ያቺ ፈገግታ አቃጠለችኝ። የዚያን ቀን ራት አልበላሁም። እኔ ራት ያልበላሁበት ቀን ደግሞ በጣት ይቆጠራል።

በቀበሌው ስብሰባ እጄን አወጣሁ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ ቦታ በዝናብ ውሃ ይተኛበታል። ሣሩም የስንት ሰው ከብት ቀለብ ነው። እነዚያ ዳክዬዎችስ የት ይሂዱ?»

«ይብራ ናቸው» አሉ ሸህ ይማም ከኋላ።

«ይብራዎቹስ?» አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ሊቀመንበሩ አልሳቀም። «ቅዳሜ ከደሴ ባለሙያዎች ይመጣሉ። መሬቱ ደረቅ ከሆነ ሰኞ መሠረት ይቆፈራል። ጓድ ሙሄ ውሃውን ያን ጊዜ ያሳየናል።»

የዚያ ዓመት በልግ ደግሞ እያካፋ ብቻ ነበር። ጨፌው ሰው የሚያራምድ ሜዳ ሆኗል። ጁምዓ ቀን ወንዱ ሁሉ መስጊድ ሲገባ እኔ ቦዩ ውስጥ ገባሁ። ድንጋይ ደረደርኩ፣ ሣር ከነሥሩ እየነቀልኩ ጠቀጠቅኩበት። ሶላቱ ሳያልቅ ደፈንኩት። ማታውን አላህ የሰጠው ዝናብ ወረደ።

ቅዳሜ ጠዋት ባለሙያዎቹ ሲመጡ ጨፌው ባሕር ሆኖ ጠበቃቸው። የችካሎቹ ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው። ጫፉ ላይ ሁሉ ወፍ ቆሟል። የሰይድ ችካል ላይ አንድ ትልቅ ሽመላ አንገቱን ሰብሮ ተቀምጧል።

«ዕጣው ለማን እንደወጣ ይኸው» አልኩ። ባለሙያዎቹም ሳቁ። ቦታው ለቤት አይሆንም ብለው ጻፉ። ማኅበሩ ሌላ መሬት እስኪያገኝ ይጠብቅ ተባለ። ሰይድ ሽመላውን እያየ ቆመ።

ሸህ ይማም ክንዴን ይዘው ገለል አደረጉኝ። «ትላንት መስጊድ አላየሁህም።»

«አሞኝ ነበር፣ ሸህ።»

እስከ ጉልበቱ ጭቃ የደረቀበት ሱሪዬን አዩት። «እኔ ለከብቶቼ ስል ዝም እላለሁ። አንተ ለማን ብለህ ነው?»

እኔ፣ ምላሴ የማያርፈው ሰውዬ፣ ጎንበስ ብዬ ሱሪዬን ማራገፍ ጀመርኩ።

«ይሄ ልጅ ያለ ጥፋቱ ቤቱን አጣ» አሉ። «ከግቢዬ ቆርሼ እሰጠዋለሁ። ኒካውም በዚህ ወር ይታሰራል።»

ገና ሁለት ዓመት ይቆይ የነበረውን ሰርግ እኔው በእጄ አፈጠንኩት። ለሰርጉ ውሃም እንጨትም ያመላለስኩ እኔ ነኝ። ሩዙ ጣፋጭ ነበር፤ በብስጭት ሦስት ጊዜ አስጨመርኩ።

የዚያን ክረምት ቦዩ እንደገና ተከፍቶ እያለ፣ ማንም ሳይደፍነው፣ ውሃው የችካሎቹን አናት አለፈ። ለካ ስብሰባው ላይ እውነት ተናግሬ ኖሯል። ያኔ ግን ማንም ትክክል ነበርክ አላለኝም፤ እኔም ደስ አላለኝም።

ዛሬ ከስብሰባው በፊት ቦታውን ልየው ብዬ ወረድኩ። ሰይድና ዘይነባ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ሸብተዋል። ፊት ለፊታቸው ይብራው፣ ዳክዬው፣ ሽመላው ሞልቷል። አሁን እለያቸዋለሁ፤ ዕድሜ ልኬን በጎን እያየሁ ተምሬያቸዋለሁ። ሰይድ «ጥቂቱ አይጠፋም» ያለው ወፍ ሁሉም ተርፎለታል። ያተረፍኩለት እኔ ነኝ።

ዘይነባ እግሬን አየች። «ሙሄ፣ ሱሪህ ጭቃ ነው። ዛሬ ጁምዓ ነው እንዴ?»

ሰይድ ሳቀ። ለካ ያን ጁምዓ ከደጇ ሆና አይታኛለች። ለካ ለሱም ነግራዋለች፤ ስንት ዓመት አብረው ሲስቁብኝ ኖረዋል። አብረው በመሳቃቸውም ቀናሁ፤ ምን ላድርግ። ከዚያ ሰይድ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ ቦታ ሰጠኝ፤ እኔም ተቀመጥኩ።

ነገ እናገራለሁ። ለማን ብለህ ነው ካሉኝም፣ ለሸህ ይማም ያልመለስኩትን እመልሳለሁ፦ ያኔ ለዘይነባ ብዬ፣ ዛሬ ግን ለወፎቹም።