ይመር የቆሰለበት ቀን

ይመር እንዲወደድ የሚፈልግ ሰው አይደለም፤ እኔም ይህን ሁሉ ዓመት ጎረቤቱ ሆኜ አልወደድኩትም። ምን አለሽ ተራ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ተቀምጦ ከአሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ ይሠራ ነበር። አዝኖለት ቆርቆሮ ሊሸከምለት የሞከረውን ሁሉ መዶሻ አንስቶ ያባርራል። ቀኝ እግሩን በዘጠና አንድ ጾረና ግንባር ላይ ፈንጂ ወስዶበታል። ከሆስፒታል እንደወጣ ግን ሥራ ጀመረ።

በሁለት ሺህ ዓ.ም. ቁስሉ አመርቅዞ፣ ወገቡም እምቢ ብሎት ሥራውን ተወ። ሚስቱ ጠሂራ ስትለምነው ከርማ የጉዳት ጡረታ እንዲጠይቅ አሳመነችው። እኔም አብሬው ሄድኩ፤ የሄድኩት ለእሷ ብዬ ነው።

የሕክምና ቦርዱ «መሥራት ያቃተዎት ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለው። አበሉ የሚታሰበው ከዚያ ቀን ነው። ጤነኛ ሰው «ከቆሰልኩ ጀምሮ» ይላል። ይመር ደረቱን ነፋ። «እኔን ምን ያቅተኛል! እስከ ዘንድሮ ጥቅምት ሥራ ፈትቼ አላውቅም፤ መርካቶን ጠይቁ!» በክርኔ ጎሰምኩት፤ ከቁብም አልቆጠረኝ። ጻፉት።

ከወራት በኋላ መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ አበሉ ከጥቅምት ጀምሮ መፈቀዱን ነገረችው።

«ጥቅምት ምን ሆንኩ?»

«ጉዳት የደረሰብዎት ያኔ ነው ይላል።»

«እግሬ የተቆረጠው በዘጠና አንድ ነው እኮ!»

«እስከ ጥቅምት ይሠሩ ነበር። ራስዎ ነዎት ያሉት።»

ደሜ ፈላ። «ታዲያ ሲለምን ቢኖር ይሻል ነበር?»

«ጋሼ፣ እርስዎን አይመለከትም።»

ይመር መስኮቱን ተደገፈ። እንዲያ ድምፁ ሲለሰልስ ሰምቼው አላውቅም። «ያለፈውን ገንዘብ ተይው፣ እሺ? ቀኑን ብቻ አርሚልኝ።»

«ቀኑ ከታረመ ገንዘቡም መከፈል አለበት። አይሆንም። ወይ ይፈርሙ፣ ወይ ይግባኝ ይበሉ፤ ይግባኙ እስኪወሰን ግን ክፍያ የለም።»

ጠሂራ የመድኃኒት ማዘዣውን ጨብጣ ከኋላው ቆማለች። ዞሮ አያትና ፈረመ። ያቺን መስኮት በድንጋይ ባለማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በሳምንቱ ዱባይ ተራ ሸሚዝ ልንገዛ ገባን። ባለሱቁ ክራንቹን አይቶ ወንበር አቀረበለት።

«ጋሼ፣ ግንባር ነው የቆሰሉት?»

አዎ ልል አፌን ስከፍት ይመር ክንዴን ጨምቆ ያዘኝ።

«አይደለም» አለ። «እዚሁ መርካቶ ነው። ባለፈው ጥቅምት።»