ቆዳዋን ትታ የምትሄደው

መጀመሪያ ያየሁት የብልቃጡን ክዳን ነው፤ በመርፌ ተበሳስቷል። አንዲት ሴትዮ አውቶቡሱ በተንገጫገጨ ቁጥር ብልቃጡን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ትይዘዋለች። ውስጡ የበሰበሰ የዛፍ ቅርፊት አለ።

«እናቴ፣ ማር ከሆነ አቅምሱን እንጂ!» አላት ረዳቱ።

«ቅመሳ፤ ትል ናት።»

ተሳፋሪው ሳቀ። አጠገቧ የነበረችው ሴት ግን ተነስታ ሄደች፤ ቦታዋን እኔ ያዝኩት። ባለ ብልቃጧ የለበሰችው የተማሪ ጃኬት እጅጌው አጥሯታል፤ የትምህርት ቤቱን ዓርማ ሳይ አየችኝ።

«የልጄ ነው፤ ሲጠባት ጊዜ ተወችው።»

«ትሏስ ምንድን ናት?»

«ወታደር ዝንብ ከሚባሉት ትናንሽ ዝንቦች የአንዷ ትል ናት። የትኛዋ እንደሆነች ግን ትሏን አይተን መለየት አቃተን። አሳድጎ ማየት ነው።»

የምትሠራበት ቤተ ሙከራ ቅዳሜና እሁድ ይዘጋል፤ ቅርፊቱ ከደረቀ ደግሞ ትሏ ትሞታለች። ከእሷ ጋር የተሰበሰቡት ሁሉ ሞተዋል፤ የቀረችው ይህች ብቻ ናት።

«ክንፍ ካወጣች በኋላስ?»

«አለቃዬ በመርፌ ወግተሽ አስቀሪልኝ ይለኛል። እኔ ግን ማን እንደሆነች ካወቅሁ መስኮቱን ነው የምከፍትላት። ቆዳዋን ትታልኝ ትሄዳለች፤ ሌላ ትል ሲመጣ ከቆዳው ጋር አስተያይቼ እለየዋለሁ።»

«ቤት ከማን ጋር ነዎት?»

ብልቃጡን ቀና አድርጋ አየችው። «እስክትበር ከእሷ ጋር።»

ስትወርድ ውጭ ነፋስ ይነፍስ ነበር። ብልቃጡን ጃኬቱ ውስጥ ከተተችው፤ ጃኬቱ ለሁለቱ አልበቃ ብሎ ዚፑ መሐል ላይ ቆመ። የቀረውን በእጇ ገጥማ ይዛ፣ ነፋሱን በትከሻዋ እየመከተች ሄደች።