ሁለቱን ብሎኖች የፈታሁት እኔ ነኝ

ይህን ነገር ሙሉውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ አልተናገርኩም፣ ለእህቴ አልተናገርኩም፣ ለወለድኳት ልጄም አልተናገርኩም። ባለፈው ቅዳሜ በሰው ፊት ግማሹን አውጥቻለሁ። የሰሙት ሰዎች ሁሉንም የሰሙ መስሏቸው አጨበጨቡልኝ። የቀረውን ዛሬ እጽፈዋለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ፊደሌ ቢንጋደድባችሁ ታገሱኝ።

አስካለ እባላለሁ። ካራ፣ ብሎኬት ከሚመረትበት ግቢ አጠገብ ለሾፌሮች ሻይና ፓስቲ እሸጣለሁ። ያለችኝ ልጅ ሰናይት ብቻ ናት። አባቷ ሲሞት ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስጋት ከእኔ ተለይቶ አያውቅም። ዝናብ ሲያካፋ ጎርፍ ይታየኛል። ሰው ስልክ አላነሳ ሲለኝ ለቅሶ ቤት ይታየኛል። ይህች ልጄ አድጋ የመረጠችው ሥራ ደግሞ የጭነት መኪና መንዳት ሆነ። አሮጌ አይሱዙ አላት፤ በየቀኑ ከካራ ብሎኬት ጭና እንጦጦ ላይ ቤት ለሚሠሩ ሰዎች ታደርሳለች።

ከሁለት ዓመት በፊት የዚያች መኪና የጭስ ማውጫ አልቆለት ነበር። ማርሚታው፣ ድምፁን የሚያፍነው ክብ ቆርቆሮ፣ በዝገት ተበሳስቷል። ቱቦው ደግሞ ድንጋይ መትቶት መሃሉ ላይ ተጨፍልቋል። ጭሱ እንደ ልብ ስለማይወጣ ሞተሩ ይታፈናል፤ ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቀች ነበር የምትወጣው። ጩኸቷ ግን! ገና አስፋልቱ ላይ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ እያለች ቤቴ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ጎረቤቶቼ "አስካለ፣ ልጅሽ መጣች፤ ጣሪያችንን ያዢልን!" ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ያን ጩኸት እወደው ነበር። እሱን ስሰማ ትከሻዬ ይወርዳል፤ ገባችልኝ ብዬ ወጡን እጥዳለሁ።

ሾፌሮቹ ሻይ ቤቴ ተቀምጠው ልጄን ይተርቧታል። ሙሌ የሚባለው ከሁሉም ይብሳል።

"ሰኒ፣ መኪናሽን ሐኪም አሳያት እንጂ፣ እያሳላት ነው።"

"አንድ ሳምንት ስጠኝ" አለችው ልጄ። "ከዚያ ዳገቱ ላይ እንተያያለን።"

ወዲያው ከሻይ ቤቴ ፊት ለፊት ወዳሉት በያጅ፣ ወደ ጋሽ በዳዳ ሄደች። ጋሽ በዳዳ ድሮ እዚሁ ካራ ገበሬ ነበሩ፤ እርሻው ሰፈር ሲሆን ብየዳ ተማሩ። ሲሠሩ ከብረቱ ጋር በኦሮምኛ ያወራሉ፣ ቀና ብለው ደግሞ ለእኛ በአማርኛ ይመልሳሉ። ሁለት ቀን ሙሉ መኪናዋ ሥር ነበሩ። ከሞተሩ እስከ ጭራዋ ያለውን አሮጌ ነገር ሁሉ ቆርጠው ጣሉት። ሰፋ ያለ ቱቦ፣ መታጠፊያው ያነሰ፣ አዲስ ማርሚታ ገጠሙላት። ከጋቢናው ሥር ያለውን መገጣጠሚያ በአዲስ ጋርኒሲዮን፣ ጭስ በማያሳልፍ ማሸጊያ፣ ደፍነው በሦስት ብሎን አሰሩት። ከዚያ ሞተሩን አስነስተው መዳፋቸውን በየመገጣጠሚያው እያስጠጉ፣ ጭስ ያመልጥ እንደሆነ ዳሰሱ። "ትንፍሽ አትልም" አሉ። እውነታቸውን ነበር። ይህን አስምሩበት፤ ሥራቸው እንከን አልነበረውም።

በማግስቱ ሰናይት "እማዬ፣ ነይ አብረን እንውጣ" አለችኝ። ሙሉ ጭነት ጭናለች። እጀታውን በሁለት እጄ ጨብጬ ጋቢና ገባሁ። ያ ልጄን ስንት ጊዜ ያስለቀሳት የእንጦጦ ዳገት መጣ። ሁለተኛ ማርሽ አስገባች፤ ወጣች። ሦስተኛ አስገባች፤ ወጣች! ሁለት መኪኖች ኮፈናቸውን ከፍተው ሞተራቸውን እያበረዱ ቆመዋል፤ አንደኛው የሙሌ ነው። ልጄ ጥሩምባዋን ለቀቀችው። እኔም ፈሪዋ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ እልልታዬን አቀለጥኩት።

"ኧረ እትዬ አስካለ፣ ሰርግ ነው እንዴ?" አለ ሙሌ።

"ሰርግ ነው! ልጄን እየዳርኩ ነው!" አልኩት።

ባሕር ዛፉ መሃል ስንደርስ ሰናይት ዓይኗ እንባ ሞልቶ ሳቀች። "እማዬ፣ ሰማሽ?"

"ምኑን?"

"ምንም! ምንም አይሰማም እኮ!"

 ድሏን ከእሷ ጋር እያጣጣምኩ፣ ወዲያው ነገ ምን ሰምቼ ነው የማርፈው ማለት ጀመርኩ።

ያ ሳምንት ለእኔ ሳምንት አልነበረም። መኪናዋ ደጄ ላይ ስትቆም እንኳ አልሰማም። ጆሮዬን አስፋልቱ ላይ ተክዬ፣ እጄ ሥራ ፈትቶ እቀመጣለሁ። ስልክ ስደውልላት "እየነዳሁ አትደውይልኝ፣ ታስገድይኛለሽ" አለችኝ። ልክ ነበረች።

እሑድ ዕለት ሰናይት ክርስትና ተጠርታ ሄደች። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ማዳበሪያ አነጠፍኩ። ከቤት ፒንሳ አመጣሁ። ጋቢናው ሥር ገባሁ። በልጅነቴ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክሜ ስወርድ የኖርኩ ነኝ፤ ክንዴ ደካማ አይደለም። ብሎኖቹ ጠንክረው ነበር፣ ታገልኳቸው። ሁለቱን ፈታ ፈታ አደረግኳቸው። ሦስተኛውን ቱቦው እንዳይወድቅ ብዬ ተውኩት። አያችሁ? ጥፋት ስሠራም ጠንቃቃ ነኝ። ማንም አልገፋኝም። ሰይጣን አሳሳተኝም አልልም። እኔ ፈታሁት። በእጄ፣ በቀን፣ አስቤበት ፈታሁት።

ሰኞ ማታ መኪናዋ ከመታጠፊያው ወዲያ ጮኸች። "መጣች!" አልኩ። ወጤን ጣድኩ።

ሮብ ዕለት ልጄን እንጦጦ መንገድ ላይ ራሷን አዞራት። ከተፈታው መገጣጠሚያ የሚያመልጠው ጭስ በጋቢናው ወለል ቀዳዳ እየገባ ስትተነፍሰው ነው የሰነበተችው። እንደ ምንም ዳር ይዛ ቆመች፣ በሩን ከፍታ ወረደች፣ እዚያው መሬት ላይ አስመለሳት። ሙሌ ከኋላ ደርሶ፣ አየር እንድታገኝ አስቀምጦ፣ በራሱ መኪና አወረዳት። ጤና ጣቢያ ዋለች። ነፍሷ ተረፈች።

በማግስቱ ሰናይት ጋሽ በዳዳ በር ላይ ቆማ ጮኸችባቸው። "ጋሼ፣ ሊገድሉኝ ነበር እኮ! አምኜዎት!"

ጋሽ በዳዳ መኪናዋ ሥር ገቡ። ብዙ ቆዩ። ሲወጡ መጀመሪያ ያዩት እኔን ነበር። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረው "ይቅርታ ልጄ፣ እንደ ገና አስረዋለሁ" አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። አሰሩት። መኪናዋም ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አላስቸገረቻትም።

የእሳቸው ስም ግን ተበላሸ። ሾፌር ሁሉ እሳቸውን አልፎ ላምበረት ወርዶ ማሠራት ጀመረ። "ያ ሰውዬ የሰኒን መኪና በጭስ የሞላው" ይባላል። ይህን የሚያወሩት የት መሰላችሁ? እኔ ቤት፣ የእኔ አግዳሚ ላይ። እኔ ሻይ እቀዳለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥፋቴ በሌላ ሰው ስም ሲወራ እያዳመጥኩ ስኳር አማሰልኩ። ጋሽ በዳዳም በየጠዋቱ መጥተው "እንዴት አደርሽ አስካለ" ብለው ሻያቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ። እንዴት ነበር አፌ "እግዚአብሔር ይመስገን" የሚለው?

ባለፈው ቅዳሜ አንድ አዲስ የመጣ የፒክአፕ ሾፌር "እዚህ ማርሚታ የሚሠራ በያጅ ማን ነው?" ብሎ ጠየቀ። ፊት ለፊት ያለውን በር አላየም ማለት ነው።

"እዚያ እንዳትሄድ" አለው ሙሌ። "የእትዬ አስካለን ልጅ ሊገድላት አልነበር?"

ስድስት ሾፌሮች ነበሩ። ሰናይትም ብሎኬት እስኪጫንላት ቆማለች። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ጉሮሮዬ ተከፈተ።

"ውሸት ነው" አልኩ። "እኔ ነኝ።"

"እርሶ? ምኑን?"

"ብሎኑን የፈታሁት እኔ ነኝ። ተነሱ፣ ተከተሉኝ!"

ሻዩን እሳት ላይ ትቼ አስፋልቱን ተሻገርኩ። እኔ፣ መንገድ ለመሻገር ሰው የምጠብቀው ሴትዮ፣ ግራ ቀኝ ሳላይ ተሻገርኩ። ስድስቱም ልጄም ተከተሉኝ። ጋሽ በዳዳ የብየዳ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ተነሱ።

"ጋሽ በዳዳ" አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ "እርሶ ያሰሩትን እኔ ፈትቼው ነው ልጄ የታመመችው። ድምፁ ናፍቆኝ ፈታሁት። ሁለት ዓመት ስምዎን አስጠፋሁ። ይቅር ይበሉኝ።"



"በምን ፈቱት?" አለ ሙሌ።

"በፒንሳ።"

"በፒንሳ! ወይ እትዬ አስካለ! እኛ በቁልፍ አቅቶን ስንታገል!"

ሁሉም በሳቅ ወደቀ። ጋሽ በዳዳ ግን እኔን እያዩ "አውቄ ነበር" አሉ። "ብሎኑ ላይ የፒንሳ ጥርስ ነበረበት። እኔ ብሎን በፒንሳ አልነካም። መኪናዋ ደግሞ የምታድረው አንቺ ግቢ ነው።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

"እናትና ልጅ መሃል ገብቼ ምን ልናገር? አንቺው ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅኩሽ። ትንሽ አስረዘምሽው እንጂ።"

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል አነሱኝ። ሰናይት መጀመሪያ ፊቷ ጠቆረ። ቀጥላ ወደ እሳቸው ሄዳ እጃቸውን ሳመች፤ እኔንም አቀፈችኝ። "ጀግና ነሽ እማዬ" አለችኝ። ሾፌሮቹ አጨበጨቡ። የፒክአፑ ልጅ እዚያው መኪናውን አስገባ፤ ሙሌም ወረፋ ያዘ። ከዚያ ቀን ወዲህ የጋሽ በዳዳ ደጅ መኪና አላጣም። ልቤ እንዲህ ደልቶት አያውቅም፤ ይህን አልደብቅም።

አሁን ያልተነገረው። ያኔ ብሎኑን በፈታሁ ማግስት፣ ሰኞ ማታ፣ ሰናይት ገብታ "እማዬ፣ ራሴን ወጋኝ" ብላኛለች። እኔ ከሰል ሳይቀላ ቤት የማላስገባ ሴት ነኝ፤ ጭስ ራስን እንዴት እንደሚወጋ አውቃለሁ። አወቅኩ። ወዲያው አወቅኩ። ዳማከሴ ጨምቄ ሰጠኋትና ዝም አልኩ። ማክሰኞ "ሆዴንም አቅለሸለሸኝ" አለችኝ። "ፀሐይ ነው" አልኳት። ፒንሳው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ተመልሼ ማጥበቅ እችል ነበር። ወይም አንድ ቃል መናገር እችል ነበር። ሮብ ጠዋት ሞተሯን አስነሳች፤ የግቢውን በር ወለል አድርጌ የከፈትኩላት እኔ ነኝ። እየሰማኋት ስለምትመጣ፣ ያን ሁለት ቀን እንቅልፌን ጠግቤ ተኛሁ።

ሾፌሮቹ ያጨበጨቡት ለእናት ፍቅር መስሏቸው ነው። የእናት ፍቅር ልጅ እየታመመች በር ይከፍታል? ለእኔ ዕረፍት ስል ልጄን ለአደጋ ሰጠሁ። ሌላ ስም የለውም፣ ሌላ ስምም አልፈልግለትም።

ሰናይት፣ ይህን ከማንም በፊት የምታነቢው አንቺ ነሽ። ቅዳሜ ጀግና ያልሽው ሰው ይህንንም ሠርቷል። ይቅር በይኝ ብዬ እለምንሻለሁ፤ ምክንያት ግን አላቀርብም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁ ሴት፣ ወረቀቱን በእጄ እሰጥሻለሁ። አንብበሽ እስክትጨርሺ ከፊትሽ አልነሳም። ቀና ስትዪ ዓይኔን አልሰብርም።