ከሐጂ ብርድ ልብስ ሥር

ፈሪ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። የያዙኝ ዕለት ጠመኔ በእጄ ነበር። ሁለት ወታደሮች የክፍሉ በር ላይ ቆመው «አስተማሪ፣ አንዴ ለጥያቄ ፈልገንህ ነበር» ሲሉኝ ጠመኔውን ማስቀመጥ እንኳ አቅቶኝ ይዤው ሄድኩ። እስር ቤቱ ስንደርስ በጣቶቼ መካከል ደቅቆ ዱቄት ሆኗል። ለልጆቹ የወንዞችን ስም እያስጻፍኩ ነበር። የቀረውን ማን እንዳስጻፋቸው አላውቅም።

ነገሩ የሆነው ጅጅጋ ነው። ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ እኔ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ከመጣሁ ግን ገና ዓመት አልሞላኝም። ለምን እንደተያዝኩ ዛሬም በእርግጠኝነት አላውቅም። አንድ ጓደኛዬ የጻፈልኝ ደብዳቤ ነው አሉኝ። ደብዳቤው ላይ ሰላምታና የዝናብ ወሬ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም።

ያስገቡኝ ቤት ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮት የሚባል የለውም። መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የሽንት ባልዲ፣ ላብ፣ የሻገተ ማሽላ። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ በሩ ሥር ድርቅ ብዬ ቀረሁ። «ግባ እንጂ አቦ፣ ቤቱ የጋራ ነው!» አለኝ አንድ ድምፅ። የድሬዳዋ ሰው ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር። በእኔ ዘጠኝ ሆንን።

ከዘጠኛችን በዕድሜ የሚበልጡት አንድ ከአውበሬ ከተማ የመጡ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ሐጂ እንላቸዋለን። ልጃቸው ድንበር ተሻግሯል ተብለው ነው የታሰሩት። አስም ነበረባቸው። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል ትንፋሻቸው እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይል ነበር። በሰሜኑ ግድግዳ ሥር፣ መጋዘኑ ሲታጠብ ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ነበረ፤ በድንጋይ ተደፍኖ ነበር። እኔ ከመምጣቴ በፊት ሰዎቹ ለሐጂ ትንፋሽ ብለው ሦስት ድንጋይ ነቅለዋል። በውጭ በኩል ቁልቋል ስለሸፈነው አይታይም፤ በውስጥ በኩል ደግሞ ሐጂ ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው ይደፍኑታል። የሰው ትከሻ የማያሳልፍ ቀዳዳ ነው። ግን ይህን ለማን ታስረዳለህ? ከጎረቤት ክፍል አንዱ የበሩን ማጠፊያ ሲነካካ ተገኝቶ «ሊያመልጥ ሲል» ተብሎ ተተኮሰበት። ልብሱን ለእናቱ መለሱላት።

ስለዚህ እኔ ቀዳዳውን አልወደውም ነበር። በቀን አሥር ጊዜ አየዋለሁ። ሐጂ አየር ሲስቡበት ደስ ከማለት ይልቅ በሩን በሩን አይ ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርኩ።

ያን ሰሞን ውሾች እንዲገደሉ ትእዛዝ ወጣ። በጦርነቱ ጊዜ ባለቤቶቻቸው ጥለዋቸው ሄደው፣ ውሾቹ መንጋ ሆነው ከተማውን ሲዞሩት ነው የሰነበቱት። ምን በልተው እንደከረሙ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያወራውም። እኔ ማስተማር በጀመርኩበት ወር እንኳ በመንገድ ላይ ሲያጋጥሙኝ ድንጋይ ይዤ ነበር የማልፋቸው። በግቢው ደግሞ ዘብ ላይ ይጮኻሉ ተባለና ጥይት ተፈቀደባቸው። እኛ ከውስጥ ተኩስ በሰማን ቁጥር ውሻ ነው ወይስ ሰው እያልን እንተያያለን። ሾፌሩ «ውሻ ነው፤ ለሰው እንዲህ ቸኩለው አይተኩሱም» ይለን ነበር። እየቀለደ ይሁን ከልቡ፣ አላውቅም።

ቀኑ ነፋሻ ነበር፤ የጅጅጋ ነፋስ አቧራውን በቆርቆሮው ላይ እየረጨ ያንሿሿዋል። ወደ ቀትር ግድም ሐጂ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው አየር እየሳቡ ሳለ ሁለት ጥይት ከቅርብ ተተኮሰ። ወዲያው ቁልቋሉ ተንኮሻኮሸ። ከዚያ አንድ ነገር በቀዳዳው ተሹለክልኮ ሐጂ እግር ሥር ወደቀ።

«በስመአብ!» ብዬ ዘልዬ ባልዲው ላይ ልወድቅ ነበር።

ውሻ ናት። ቡናማ፣ የጎድን አጥንቷ የሚቆጠር፣ ሴት ውሻ። የኋላ እግሯን ጥይት ነክቶታል፤ ደሙ መሬቱ ላይ ይንጠባጠባል። ትንቀጠቀጣለች። አየችን፣ አየናት።

«ኧረ ይቺ ምን አድርጋ ታሰረች?» አለ ሾፌሩ።

«አስወጧት!» አልኩ። ድምፄ እንደ ሴት ልጅ ቀጥኖ ነበር የወጣው። «በገባችበት አስወጧት! ደሙን ተከትለው ይመጣሉ!»

«ብታስወጣትስ?» አለኝ የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ፤ እሱም እስረኛ ነው፣ ረጋ ያለ ሰው። «ከእኛ ግድግዳ ስትወጣ ካዩዋት ቀዳዳው ተገኘ ማለት ነው። ከጮኸችም ተገኘ ማለት ነው። ዝም ካለች ብቻ ነው የምንተርፈው።»

ዝም አላለችም። በቀስታ ታላዝን ጀመር። ከውጭ ሰዎች ሲጠራሩ ይሰማል። ዝም የማሰኘት ነገር ብቻ ነው በጭንቅላቴ የነበረው፤ ሳላስብ አጠገቤ ያለውን ጣሳ አንስቼ ከጀሪካኑ ውሃ ቀዳሁና አፏ ሥር አደረግሁላት። ላፍ ላፍ አድርጋ ጠጣች። ጸጥ አለች። እኔም ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ቀና ብል ሁሉም አፍጥጠው ያዩኛል።

«ምን ነካህ አንተ?» አለ ሾፌሩ በሹክሹክታ። «የሐጂን ጣሳ?»

ሐጂ ለሰላት የሚታጠቡበት የዱቄት ወተት ጣሳ ነበር። እኔ የማውቀው ነገር የለም፤ የክርስቲያን ልጅ ነኝ፣ ያደግሁት ደጋ ነው። የውሻ ምራቅ የነካው ነገር ለእነሱ ነጃሳ እንደሚሆን፣ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን ጊዜ በአፈር ካልታጠበ ሰላት እንደማይሰገድበት የተማርኩት ያን ቀን ነው። ውሃ ደግሞ በቀን አንድ ጀሪካን ለዘጠኝ ሰው ነው። ያውም ተጋምሷል፤ ሌላ የሚመጣው ነገ ጠዋት ነው።

ሐጂ ጣሳውን አዩት። እኔን አዩኝ። «ምንም አይደል፣ መዓሊን» አሉኝ። በሶማሊኛ መምህር ማለት ነው፤ እንደዚያ ነበር የሚጠሩኝ። «እኔም ከብት ስጠብቅ ውሻ ነበረኝ። እሷን አልጠላትም። እርጥብ ምራቋ ነው ችግሩ።»

የቦት ጫማ ድምፅ መጣ። ቁልፍ ተንሿሿ።

ከዚያ ሐጂ ያደረጉትን ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። ውሻዋን በሁለት እጃቸው ወደ ቀዳዳው አስጠግተው አስተኟት። ብርድ ልብሱን በላይዋ ጣሉት። ቂብላቸው ወደ ሰሜን ነው፤ ሁልጊዜም ወደዚያ ግድግዳ ዞረው ነበር የሚሰግዱት። በጉልበታቸው ተንበረከኩና ግንባራቸውን ብርድ ልብሱ ላይ፣ ውሻዋ ላይ አሳረፉ። እጆቻቸው ግን ብርድ ልብሱ ሥር ነበሩ። አፏን ይዘዋታል።

በሩ ተከፈተ። የዘቦቹ አስር አለቃ ጠመንጃውን እንዳነገተ ገባ።

«ተነሱ! ቁጥር!»

ተነሳን። ቆጠረን። ሐጂ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ይሄ ሽማግሌስ?»

«ሰላት ላይ ናቸው» አለ ሾፌሩ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» ዘጠኝ ብሎ ቆጠራውን ጨረሰ። «የቆሰለች ውሻ ወደዚህ ዞራለች። ደሟ እስከ ቁልቋሉ መጥቷል። ያየ አለ?»

ሁሉም መሬት መሬት ያያል። አስር አለቃው ዓይኑን እኔ ላይ ጣለ። ከሁሉም የምፈራው እኔ እንደሆንኩ ሳያውቅ አልቀረም።

«አስተማሪ። ነገ ምርመራ ያንተ ተራ ነው አይደል? የተማርክ ሰው ነህ። ዛሬ ከተባበርክ ነገ ይቀልሃል።»

በዚህ መካከል ከሐጂ በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ። እንደ ጩኸትም አይደል፤ አፍ ታፍኖ የሚወጣ የሲቃ ድምፅ። አስር አለቃው አንገቱን አዞረ። አንድ እርምጃ ሄደ። የጫማው ጫፍ ከብርድ ልብሱ አንድ ስንዝር ቢቀረው ነው። ነገ ስለሚጠብቀኝ ክፍል አሰብኩ። ልብስ ስለተመለሰላት እናት አሰብኩ፤ የእሷ ፊት በእናቴ ፊት ተተካብኝ። አፌን ከፈትኩ።

«አስም ነው» አልኩ።

«ምን?»

«አስም አለባቸው። ሲደፉ ይብስባቸዋል። ሲጠናባቸው እንደዚያው ነው የሚቆዩት፣ ጓድ አስር አለቃ።»

«ጓድህ አይደለሁም» አለ። ትንሽ አዳመጠ። እውነትም የሐጂ ትንፋሽ ሲጢጥ ይል ነበር፤ የሐጂ የትኛው፣ የውሻዋ የትኛው እንደሆነ እኔ ራሴ መለየት አልችልም ነበር። ከውጭ አንዱ ተጣራ። ነፋሱ ዱካውን አጥፍቶታል፣ በአጥሩ ዘላ መሆን አለበት አለው። አስር አለቃው ምራቁን እንትፍ ብሎ ወጣ። በሩ ተዘጋ።

እኔ ተቀመጥኩ፤ ተቀመጥኩ ከምል ወደቅሁ ማለት ይሻላል።

ሐጂ ቀና አሉ። እጆቻቸው በደምና በምራቅ ርሰዋል። ልብሳቸውን እንዳይነካ ከገላቸው አርቀው እንደ ያዙት ቀሩ። የትም ሊያሳርፏቸው አልቻሉም። ከሰዓት በኋላ ያለው ሰላት እየደረሰ ነው።

«ውሃው የሁላችሁ ነው» አሉ። «አትጨነቁ። አላህ ያያል።» ግን ድምፃቸው ተሰብሯል። ሰላት ሳይሰግዱ የዋሉበት ቀን በሕይወታቸው አልነበረም፤ በዚያ ቤት ውስጥ የቀረቻቸው የራሳቸው ነገር ሰላታቸው ብቻ ናት።

ሾፌሩ ተነሳ። «አቦ፣ እኔ ግመል ነኝ፤ ድርሻዬን ውሰዱ» አለ። ሌሎቹም ተከተሉ። ጸሐፊው ብቻ ድርሻውን ቀዳና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ጠጣ። ማንም ክፉ አላለውም፤ የኩላሊት በሽተኛ ነው። እኔ ነገ ምርመራ እንዳለብኝ አስቤ አመነታሁ። እውነቱን ነው የምናገረው፣ አመነታሁ። ከዚያ «የእኔንም» አልኩ።

«መዓሊን ያፍስስልኝ» አሉ ሐጂ።

ከቀዳዳው ሥር ንጹሕ አፈር ቧጨርን። ጀሪካኑን አንስቼ በቀጭኑ አፈሰስኩላቸው። መጀመሪያ በአፈሩ አሹ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ እንደ ክፍል ውስጥ ቆጠርኩ። አንድ። ሁለት። ሾፌሩ አብሮኝ ይቆጥር ጀመር፣ ከዚያ ሌሎቹም። በሹክሹክታ፣ ስምንት ሰው። ሰባት ስንል ሐጂ እጃቸውን አራገፉ። ከዚያ ጣሳውን ሰባት ጊዜ አጠብን። የፈሰሰው ውሃ ወደ ቀዳዳው ሲወርድ ውሻዋ እየላሰች ጠበቀችው፤ ከሁላችን በላይ ውሃ የጠጣችው እሷ ናት። በቀረችው ውሃ ለሰላት ታጥበው፣ ውዱእ አድርገው ሰገዱ። ሁለት ጊዜ ሰገዱ።

ሲጨርሱ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ለምን ሁለቴ?» አልኳቸው።

«የቀትሩ ሰላት አልነበረማ። ያ ፍርሃት ነው።» ትንሽ ተነፈሱ። «መዓሊን፣ ልትነግረው ነበር አይደል?»

ሌላ ውሸት አልመጣልኝም። «አዎ፣ ሐጂ» አልኩ።

«እኔም እጄን ከአፏ ላነሳ ነበር» አሉ።

ከዚያ ወዲያ አልተነጋገርንበትም። ውሻዋ አራት ቀን ከእኛ ጋር ሰነበተች፤ የደረቀ ዳቦ እየሰጠናት፣ ሐጂም ከርቀት እያዩዋት። በአምስተኛው ቀን በገባችበት ወጣች። ምን እንደሆነች አላውቅም። ምርመራውን እዚህ አልጽፍም። ሐጂ ከእኔ በፊት ተፈቱ፣ እኔም ከስምንት ወር በኋላ ወጣሁ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በር በኃይል ሲንኳኳ አሁንም ልቤ ስንጥቅ ይላል፤ አልተፈወስኩም። ይህን ታሪክ ለብዙ ሰው አጫውቻለሁ። ልጆቼ በቃላቸው ያውቁታል፤ «አባባ ወታደሩን የዋሸው ቀን» ይሉታል። እኔም እስቃለሁ። ያን ጊዜ አፌን የከፈትኩት ሌላ ቃል ልናገር እንደነበር ግን ከሐጂ በቀር ያወቀ የለም።