ብየዳ አቁሙልኝ ያልኩ ሰሞን

ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ... ምድጃዬ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ በትንሿ ቀዳዳ ወደ ውስጥ እያየሁ ሳለ የሼዴ በር ተንኳኳ። ስከፍት አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ደጄ ላይ ቆመዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንዷ ንፍሮ፣ ሌላዋ ቦይና የሚሉትን ሥራሥር ቀቅላ ይዛለች።

«እግዜር ያጽናህ» አሉኝ።

ማን ሞተና?

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ሶዶ ፊዚክስ ላስተምር ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ህንድ አገር የተማርኩት ክሪስታል ማሳደግ ነው። ነጭ ዱቄት በፕላቲነም ዕቃ ውስጥ ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ዲግሪ በላይ ታቀልጣላችሁ። ከዚያ የቀለጠውን በአንዲት ቅንጣት ዘር ክሪስታል ጫፍ ትነኩና እያዞራችሁ ቀስ... በጣም ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይ ትስባላችሁ። በሰዓት ሁለት ሚሊሜትር። ከተሳካ አንድ ወጥ ክሪስታል ይወጣል፤ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ፣ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት የሚንቀጠቀጥ። ስባሪው በየሞባይላችሁ ውስጥ አለ፣ እናንተ ግን አታውቁም። እዚህም ማንም አያውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ሥራዬ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ለማንም አልነገርኩም።

ህንድ ያለው መምህሬ ግን አልረሳኝም። «ስንጥቅም አረፋም የሌለው፣ ለፋብሪካ የሚሆን አንድ ናሙና ላክልኝ። ላብራቶሪ እንዲከፍቱልህ ደብዳቤ እጽፋለሁ» አለኝ። ዱቄቱ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚበቃው። ቀበሌውን ደጅ ጠንቼ ከጥቃቅንና አነስተኛ ሼዶች አንዷን አገኘሁ። ምድጃውን ራሴ ሠራሁ፣ ክሪስታሉን የሚስበውን ሞተር ከአሮጌ ቴፕ ፈታሁ።

ችግሩ ጎረቤቶቼ ናቸው። በአንድ በኩል ጋሽ አንጁሎና አብረውት ተደራጅተው የሚሠሩት በያጆች፣ በሌላ በኩል የእትዬ አስቴር ወፍጮ። የመብራት መስመራችን አንድ ነው። እነሱ ብየዳ ባበሩ ቁጥር የእኔ ምድጃ ኃይሉ ዝቅ ይላል። ኃይል ዝቅ ካለ ደግሞ ክሪስታሉ ይበላሻል።

ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት ሄጄ ለመንኳቸው። ሳምንት ሙሉ በቅጡ ስላልተኛሁ ዓይኔ ቀልቷል።

«ጋሽ አንጁሎ፣ ሦስት ቀን ብየዳ አቁሙልኝ። እትዬ አስቴርም ወፍጮውን ባታዞሪው... ምክንያቱን አትጠይቁኝ፣ ለማስረዳት ይከብዳል።»

ጋሽ አንጁሎ ረጅም ጊዜ አየኝና «እሺ ልጄ» አለ። በቃ። እትዬ አስቴርም እህል ተሸክመው የመጡትን ሴቶች መለሰች። እኔ ደግሞ ጅሉ፣ ሰው ለሳይንስ እንዲህ ክብር አለው እንዴ እያልኩ ተገረምኩ።

እንግዲህ ሐሙስ ረፋድ ላይ ክሪስታሉ የትንሽ ጣቴን ግማሽ ያህል ወጥቶ ነበር። ወገቡ እንዳይሰፋና እንዳይቀጥን በየአሥር ደቂቃው ሙቀቱን በእጄ ማስተካከል አለብኝ። በሩ የተንኳኳው ይሄኔ ነው።

«ተደብቀህ ልታለቅስ ነው እንዴ?» አለ ጋሽ አንጁሎ። «ሰው ሥራ አቁሙ፣ ሦስት ቀን የሚለው ለምንድነው? እኛ ልጅ ነን? እኛ አገር ለቅሶ ለብቻ አይቀመጥም። ማነው የሞተብህ?»

«ማንም አልሞተም፣ ክሪስታል እያሳደግኩ ነው» ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ... የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እናቴ።»

«መቼ ሞተች?»

«ሦስት ዓመት ሆናት።»

እውነቴን ነው። ህንድ እያለሁ ነው የሞተችው። ያኔም እንደዚሁ ክሪስታል እየሳብኩ ነበር፤ ስልኬ ከላብራቶሪው ውጭ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበት ነበር። ስወጣ ተቀብራለች። በማግስቱ ሥራ ገባሁ። እግዜር ያጽናህ ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። አባቴን አላውቀውም፣ ወንድም እህት የለኝም።

ይስቁብኛል፣ ወይም ሥራ አስፈታኸን ብለው ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ሦስት ዓመት ለብቻህ ይዘኸው ዞርክ?» አለ ጋሽ አንጁሎ። «ያልተለቀሰ ሞት ዛሬ የሞተ ነው። ና ውጣ።»

ወደ ምድጃው ዞር ብዬ አየሁ። ሞተሩ ያዞራል፣ ክሪስታሉ ይወጣል። ብተወው እንደሚበላሽ አውቃለሁ።

ወጣሁ።

በያጆቹ የሠሩት የብረት አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ። እትዬ አስቴር «ስሟ ማነው?» አለችኝ። «ዘነቡ» አልኳት። ከዚያ አይታት የማታውቀውን እናቴን በስሟ እየጠራች ማልቀስ ጀመረች። እኔም አለቀስኩ። እንዴት እንዳለቀስኩ አትጠይቁኝ። ምን ትወድ እንደነበር ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ሳቋን፣ ቁጣዋን፣ ጎረቤት ሁሉ የሚፈራውን ምላሷን። ለካ በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል አውርቼ አላውቅም። ስነሳ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል።

ስገባ ክሪስታሉ አልወደቀም። ግን እኔ በሌለሁበት ሰዓት ሁሉ እንደዚህ አገሩ የቦምቤ ዝንጅብል ተጎርብጧል። ሲቀዘቅዝም ከጎርባጣው ላይ ለሁለት ተሰነጠቀ። ለፋብሪካ አይሆንም። ለምንም አይሆንም።

መምህሬ አዲስ ዱቄት ልኬልሃለሁ፣ እንደገና ሞክር ብሎ ጽፎልኛል። ዛሬ ጠዋት ጋሽ አንጁሎ ጋ ሄጄ አቁሙልኝ ልል ነበር፣ ከመንገድ ተመለስኩ...

ከእንግዲህ የሚሞትብኝ ሰው የለኝም።