ሦስት ዙር ሽቦ

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለእናቴ አልነገርኩም፤ ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ነፍስ አባቴ ፊት ቆሜ ቁጣዬን፣ ምቀኝነቴን፣ በጾም የበላሁትን በርገር ሳይቀር ዘርዝሬአለሁ። ስግደት አዘዙልኝ፣ ሰገድኩ፣ ቀለለኝ ብዬ ወጣሁ። ለበርገር የሚናዘዝ ሰው የሰው ስም ስለመስረቁ ዝም ይላል? እኔ ብያለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ዝም ብያለሁ። አሁንም የምጽፈው ልቤ ስለተሰበረ ብቻ አይደለም፤ ስለተናደድኩ ነው። የተናደድኩትም በመጀመሪያ በራሴ ነው።

ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፤ ጥፋቴን አስቀድሜ ልናገር። እኔ አንድ የመልሕቅ ፒን በሽቦ ሳላስር ተውኩ። ጀልባ ተሰበረ። ማን ነው ጥፋተኛው ሲባል፣ ሥራ ያስተማሩኝን፣ የአባቴ እኩያ የሆኑትን ሰው በገዛ አፋቸው ወንጀለኛ አደረግኳቸው። በገዛ አፋቸው ስል ቀልድ አይደለም። አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ።

ጋሽ ፈለቀ ይባላሉ። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። ሲያትል ሲመጡ ባላርድ በሚባል ሰፈር ውስጥ ባለ የሸራ ጀልባ መጠገኛ ግቢ ተቀጠሩ። እኔ ያን ጊዜ ሲታክ አየር ማረፊያ የሰው መኪና ፓርክ የማደርግ፣ ባሕርን በሩቁ እንጂ በእጄ ነክቼ የማላውቅ የመርካቶ ልጅ ነበርኩ። «እጁ ፈጣን ነው፣ ይማራል» ብለው ያስቀጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ገመድ መቋጠር፣ ሸራ ማጠፍ፣ ሰንሰለት መፈተሽ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። መልሕቁን ከሰንሰለቱ ጋር የሚያያይዝ ሻክል የሚባል ወፍራም የብረት ቀለበት አለ፤ ቀለበቱን የሚዘጋው ደግሞ እንደ ብሎን የሚጠመዘዝ ፒን ነው። «ፒኑን በቁልፍ አጥብቀህ ስታበቃ ሦስት ዙር ሽቦ እሰርበት» ይሉኝ ነበር። «ባሕር እጅ አለው ልጄ። ያላሰርከውን ይፈታልሃል።»

አለቃችን ትዕግሥት ያልፈጠረበት ሰው ነበር። ጋሽ ፈለቀ ቀስ ብለው ቃል መርጠው ስለሚናገሩ፣ ሳይጨርሱ ፊቱን ወደ እኔ ያዞራል። እሳቸውም «አንተው ንገረው» ማለት ለመዱ። እንዲህ እያልን እኔ አፋቸው ሆንኩ። እንግሊዝኛ አይችሉም ብዬም ደመደምኩ። ማንን ጠይቀህ ደመደምክ ብትሉኝ፣ ማንንም አልጠየቅኩም።

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2008 ጸደይ ላይ አንድ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ጀልባውን አመጣልን። ከሚስቱ ጋር ወደ ደቡብ ባሕር ሊወርድ፣ ሞቃታማዎቹን ደሴቶች አንድ በአንድ እየዞረ፣ በየባሕር ዳርቻው መልሕቅ እየጣለ ሊከርም ነው። ጋሽ ፈለቀ ጀልባዋን ከአናቷ እስከ እግሯ አዩለት። ሰውዬው በጣም ወደዳቸው። «ኅዳር ላይ በአውሮፕላን ትመጣለህ፤ ሦስት ሳምንት አብረን እንቀዝፋለን» አላቸው፤ የተረጎምኩትም እኔ ነኝ። ጋሽ ፈለቀ ባሕር ላይ ከወጡ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። በማግስቱ ሰፊ የገለባ ባርኔጣ ገዝተው መጡ። ሚያዝያ ላይ ለኅዳር ባርኔጣ! ዕቃ ማስቀመጫ ሳጥናቸው ውስጥ ሰቅለው፣ ምሳ ሰዓት ላይ እየከፈቱ ያዩት ነበር።

የስቅለት ዕለት አርብ ጋሽ ፈለቀ ከአለቃችን ፈቃድ ወስደው ጠዋቱኑ ለስግደት ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። የመልሕቁን ሥራ ለእኔ ትተው ነው የሄዱት። እኔ ግን ልቤ ካፒቶል ሂል ነበር፤ የምወዳት ልጅ ሰላማዊት እዚያ ምግብ ቤት ትሠራ ነበር፣ ያን ዕለት ቀድማ ትወጣለች። ፒኑን በእጄ አጠበቅኩት። ሽቦው መጋዘኑ ውስጥ ነው፤ ዝናብ ነው፤ ሃምሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ሃምሳ እርምጃ! ሰኞ አስረዋለሁ ብዬ ተውኩት። ሰኞ ከፋሲካ ማግስት መጥቼ ረሳሁት። ይህ ብቻ ቢሆን ስንፍና ይባል ነበር። ግን የመልሕቅ ሥራ በነባር ሠራተኛ መታየት አለበት የሚል ደንብ ስለነበረ፣ በሥራ ወረቀቱ ላይ «የሠራውና ያየው ሰው» በሚለው ቦታ የጋሽ ፈለቀን ስም ጻፍኩ። ሰውዬው መሬት ላይ ተደፍተው እየሰገዱ ሳለ እኔ ስማቸውን በወረቀት ላይ አሠማራሁት።

መስከረም ላይ ስልኩ መጣ። አለቃችን ሁለታችንንም ቢሮው ጠርቶ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው። ዶክተሩ ከአንዲት ደሴት ነው የሚደውለው። በቀትር መልሕቅ ጥለው ምሳ ሊበሉ ወርደው ኖሮ፣ ሲመለሱ ጀልባዋ ኮራል በሚባለው ስለታም የባሕር ድንጋይ ላይ ተጋድማለች። ሆዷ ተቀዷል፣ መሪዋ ተሰብሯል፣ ሰንሰለቷ ብቻውን ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ ላይ መልሕቅ የለም። ጠላቂ ወርዶ መልሕቁን ከነቀለበቱ አገኘው። ፒኑ ተፈትቶ ወጥቷል፤ ሽቦ የሚባል ነገር አልነበረበትም።

ዶክተሩስ ቢሆን! ስንት ቦታ መልሕቅ የጣለ ሰው አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ ብሎ ቀለበቱን አያይም? ይህን እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን አጽናንቻለሁ። የራስን ጉድ ለመሸፈን የሌላ ሰው ስንፍና አይጠፋም።

አለቃችን ወረቀቱን አወጣና ስማቸውን አሳያቸው። «ሽቦውን ለምን አላሰርክም በለው» አለኝ። ጠየቅኳቸው። ጋሽ ፈለቀ ወረቀቱን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። «ይሄ የእኔ ጽሑፍ አይደለም» አሉ በአማርኛ። «ያን ዕለት እኔ ስግደት ላይ ነበርኩ። አንተ ታውቃለህ። ንገረው ልጄ።»

ንገረው ልጄ! እኔም ነገርኩት። «ጾም ላይ ስለነበርኩ ደክሞኝ ረሳሁት፤ ይቅርታ አድርጉልኝ ይላሉ» አልኩት።

ይህን ዓረፍተ ነገር ማንም አላስገደደኝም። ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣ ሳልደናቀፍ፣ ራሴን እንደ አዘነ ሰው ዘንበል አድርጌ ነው ያልኩት። የሰውዬውን ጾም ወስጄ ጥፋታቸው አደረግኩት። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ እኔ ማስጣሉ ቀርቶብኝ ጅቡ ራሴ ሆንኩ። ጋሽ ፈለቀ ወረቀቱን ወደ አለቃችን ገፋ አደረጉት። ቀጥሎ አለቃችንን እያዩ «ኦኬ» አሉ። ዕቃቸውን እንዲሰበስቡ ተነገራቸው።

አለቃችን መሳቢያውን ቢከፍት እኮ የፈቃዱ ወረቀት እዚያው ነበር! ሰው ከሥራ ሲያባርር አንድ መሳቢያ መክፈት ይከብዳል? አልከፈተም። የሚተረጎምለትን ሰምቶ ጨረሰ።

አሁን የባሰውን ልንገራችሁ። በዚያው ሳምንት እሑድ ጋሽ ፈለቀ ሽማግሌ ሆነው የሰላማዊትን ወላጆች ሊጠይቁልኝ ቀጠሮ ነበራቸው። ይቀራሉ ብዬ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር እንዲቀሩም ተመኝቼ ነበር። ነጠላቸውን ለብሰው በሰዓቱ ወጡ። ከሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ዋይት ሴንተር ወዳለው የወላጆቿ ቤት ወስጄ በሩ ላይ አቆምኩ። ሁለቱ ወረዱ። ጋሽ ፈለቀ የመኪናውን እጀታ እንደያዙ ቀሩ።

«ከመግባቴ በፊት የምትነግረኝ ነገር አለ?»

«የለም ጋሼ።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ። እኔ መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ ጥፍሬን ስበላ ቆየሁ። ሲወጡ እየሳቁ ነው። ሰላማዊትን ሰጡኝ።

ኅዳር ሲደርስ ጀልባዋ ተጠግና ነበር። ዶክተሩ ቃሉን አላጠፈም፤ ሰውየውን ብቻ ለወጠ። «ወጣቱን ላኩልኝ» አለ። እምቢ ማለት አቅቶኝ ነበር? አላቃተኝም። መሄድ ስለፈለግኩ ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት ጋሽ ፈለቀ ያንን ባርኔጣ በሰው ላኩልኝ። «ፀሐዩ ኃይለኛ ነው፣ ራሱን ይሸፍን» ብለው። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው? በእሳቸውም ተናድጄ ነበር፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ባርኔጣውን ግን አደረግኩት።

ሦስት ሳምንት በሰው ቦታ ከደሴት ደሴት ዞርኩ። ጀልባዋ ወደ ባሕር ዳርቻ ስትጠጋ ከፊት ቆሜ ወደ ታች አያለሁ። ነጩ አሸዋ ነው፣ ይይዛል፤ ጥቁሩ ኮራል ነው፣ ይበጥሳል፤ ያስተማሩኝ ጋሽ ፈለቀ ናቸው። ለጥልቀቱ አምስት እጥፍ ሰንሰለት ልቀቅ፤ እሳቸው ናቸው። መልሕቅ ጣልኩ ብለህ አትኩራ፣ መያዙን ውረድና እይ፤ እሳቸው ናቸው። ዘልዬ እገባና መልሕቁ አሸዋው ውስጥ ተቀብሮ አያለሁ፤ ውሃው ንጹሕ ከመሆኑ የተነሣ የሽቦው ዙር ይቆጠራል። በየማለዳው ፒኑን እየነካሁ አረጋግጥ ነበር። አንድ ቀን ዶክተሩ አይቶኝ «ሽማግሌው የአንተን ያህል ጥንቃቄ ቢኖረው ኖሮ!» አለኝ። እኔ ምን አልኩ? «የስ» አልኩ። በሰውየው ባርኔጣ ሥር ቆሜ «የስ» አልኩ።

ስመለስ ሲታክ ሄጄ አየኋቸው። የአየር ማረፊያ መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ እኔ በፊት እሠራበት በነበረው ዓይነት ጠባብ ቤት ውስጥ ቲኬት ይሸጣሉ። ልናገር አስቤ ነበር የሄድኩት፣ ወይም እንደዚያ እላለሁ። አንድ አሜሪካዊ ስለ መንገድ ሲጠይቃቸው ቆሜ ሰማሁ። ጋሽ ፈለቀ ቀስ ብለው፣ ቃል መርጠው፣ ምንም ሳያጎድሉ በእንግሊዝኛ አስረዱት። ሰውየው ሲሄድ ጠጋ አልኩ። «ጋሼ፣ እንግሊዝኛ...» አልኩ። «የባሕር ኃይል ትምህርት እኮ በእንግሊዝኛ ነበር» አሉኝ፤ ትንሽ ነገር እንደጠየቅኳቸው ሁሉ።

ሁሉንም ሰምተው ነበር። «ደክሞኝ ረሳሁት» ያልኩላቸውን በጆሯቸው ሰምተው ነበር። እኔም መስማታቸውን እያወቅኩ አፌን ዘጋሁ። እሳቸው ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ውሃው እውነት መልሕቁን ያሳያል?»

«ያሳያል ጋሼ።»

«ተመስገን» አሉ። ቲኬታቸውን መሸጥ ቀጠሉ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የት ነው የጠራው? አሥራ አንድ ዓመት አደረ፤ ከነአካቴው ደፈረሰ እንጂ! ወሬው በከተማው ሐበሻ ዘንድ ተዛምቶ፣ ለጋሽ ፈለቀ «መርከብ አስጣሚው» የሚል ስም ወጣላቸው። ጀልባዋ እኮ አልሰጠመችም! ግን ለቀልድ ማን ይመረምራል? ባለፈው በጋ የሚስቴ ወንድም ሠርግ ላይ ጋሽ ፈለቀ በከዘራ ሲገቡ አንዱ ተነሥቶ «ኧረ ውሃውን አርቁ፣ መርከብ አስጣሚው መጡ!» አለ። ጠረጴዛው ሁሉ ሳቀ። እሳቸውም ፈገግ አሉ። እኔም ሳቅኩ። ሳቅኩ ነው የምላችሁ፤ ጥርሴን አሳይቼ ሳቅኩ።

ያልሳቁት አማቴ ብቻ ናቸው። ክንዴን ይዘው «አንተ እንኳ አትሳቅ» አሉኝ። «እኚህ ሰው ባይሆኑ ልጄን አልሰጥህም ነበር። ያን ዕለት ልጁ እምነት የሚጣልበት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ሌሎቹ ሽማግሌዎች እንዴት ያለ ታማኝ እያሉ ሊያወሩ ሲነሡ፣ እሳቸው እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው። ትንሽ አሰቡና፣ ዋሱ እኔ ነኝ አሉ። ዋሱ እኔ ነኝ፣ ይኸው ነው።»

ገባችሁ? ታማኝ ነው አላሉም። መዋሸት አልፈለጉም። እኔን ማዋረድም አልፈለጉም። ባላጠፉት ጥፋት ሥራቸውን ባጡ በሦስተኛው ቀን፣ ላጠፋሁት ለእኔ ዋስ ሆነው ቆሙ። እስከ ዛሬ እንደ ቆሙ ናቸው፤ እየተሳቀባቸው።

ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅርታ ለጠያቂ ነው፤ እኔ በር ላይ ሁለቴ ተጠይቄ ሁለቴ «ምንም» ያልኩ ሰው ነኝ። ወጣት ነበርኩ፣ ፈራሁ፣ ሚስት ላገባ ነበር የሚል ሰበብም አላቀርብም። ሰላማዊት ትናንት ይህን አንብባለች። ለማንም አልተናገርኩም ያልኩት እሷ እስክታነበው ድረስ እውነት ነበር። ወረቀቱን አስቀምጣ መኝታ ቤት ገባች፤ እስካሁን አላናገረችኝም፣ እንድታናግረኝም አልለመንኳትም።

ለአለቃችንና ለዶክተሩ የጻፍኩትን ደብዳቤ ዛሬ ጋሽ ፈለቀ አሁንም ቲኬት ወደሚሸጡበት ሲታክ ይዤ እሄዳለሁ። ከመላኩ በፊት ጋሽ ፈለቀ እንዲያነቡት ነው። በእንግሊዝኛ ነው የጻፍኩት፤ አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም። አንብበው ሲጨርሱ የምላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ጋሼ፣ በቃዎት። ከዋስትናዬ ይውረዱ።