የዳቦ ጋጋሪው ቅንድብ

ዳቦ ጋጋሪን ከሌላ ሰው ለመለየት ዱቄት የነካውን ልብሱን ማየት አያስፈልግም፤ ቅንድቡን ማየት ይበቃል። ነገሩ እንዲህ ነው። የምድጃው በር በተከፈተ ቁጥር ውስጥ ታፍኖ የቆየው አየር እንደ አንድ ትልቅ ትንፋሽ ወደ ውጭ ይወጣል። ጋጋሪው ደግሞ ረጅም እጀታ ያለውን የእንጨት አካፋ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ አንገቱን ወደ በሩ አስግጎ የዳቦውን መልክ ያያል። ያ ትንፋሽ መጀመሪያ የሚያገኘው ቅንድቡን ነው። ፀጉሩ እሳት አይነሳበትም፣ አይጨስም፤ ጫፉ ተጠቅልሎ ይረግፋል። ክንድም እንዲሁ ነው። አካፋውን ከፊት የሚይዘው ቀኙ ስለሆነ፣ ቀኝ ክንዱ ከክርኑ በታች እንደ ሕፃን ገላ ልሙጥ ይሆናል፤ ግራው ፀጉራም እንደሆነ ይቀራል። አንድ ክንዱ ልሙጥ፣ አንድ ክንዱ ፀጉራም የሆነ ሰው ስታዩ፣ ዕድሜውን እሳት ፊት እንደቆመ ሳትጠይቁ ታውቃላችሁ። የሰው ገላ ሥራውን እንዲህ አድርጎ መዝግቦ መያዙ ሁልጊዜ ይደንቃል።

ይህ ታሪክ የሚነገርለት ሰው ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ጋጋሪ ነበር። የሰፈሩ ሰው «እቶን» ይለዋል፤ እሱም ስሙን ይወደዋል። ሚስቱ በፊተኛው ክፍል የስፌት መኪናዋ ላይ ትውላለች። አሥራ አንድ ዓመት የሞላት አንዲት ልጅ አለቻቸው። የሚስቱ አባት፣ ሱቃቸውን ከዘጉ የቆዩ ፀጉር አስተካካይ፣ በጓሮ በኩል በተቀጠለችው ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ክፍል ይኖራሉ። በቤቱ ያለው ቬንትሌተር አንድ ነው። ይህን ቁጥር ልብ በሉት፤ አራት ሰው፣ አንድ ቬንትሌተር።

በጋው ሲበረታና የበሩ እጀታ እንኳ አላስነካ ሲል፣ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ የማማረር መብት የማን ነው? እዚህ ቤት መልሱ የታወቀ ነበር። ሚስቱ «ዛሬስ ጨርቁ እጄ ላይ ሊቀልጥ ነው» ብላ ከጀመረች፣ እቶን የሸሚዙን ቁልፍ እየፈታ «ይሄንንም ሙቀት ብለሽ? እስቲ ነይና ምድጃው ፊት አንድ ሰዓት ቁሚ» ይላታል። ልጅቱ «አባዬ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» ካለች «ምድጃው ፊት ብትውዪ ቆመሽ ትተኚ ነበር» ይላታል። ሽማግሌው ግን ምንም አይሉም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። እንዲህ እንዲህ እያለ ሙቀት በዚያ ቤት የእቶን ርስት ሆነ፤ ሌላው ሰው ሳያስፈቅድ አይገባበትም።

ታዲያ በጋው ገና ሲጀምር ዳቦ ቤቱ አዲስ ምድጃ አስመጣ። ይኼኛው ዳቦውን ራሱ እያዞረ ይጋግራል፤ በሩን ከፍቶ ማየት የለም፣ አካፋ የለም፤ አንድ ወጣት ቁልፍ እየተጫነ ይቆጣጠረዋል። አለቃው እቶንን ጠራውና «አንተ ብዙ ደክመሃል፤ ከእንግዲህ ማቀዝቀዣ ክፍል ብትገባ ዕረፍትም ይሆንሃል» አለው። ማቀዝቀዣ ክፍሉ ከምድጃው አዳራሽ ጀርባ ያለ፣ በሩ የክንድ ያህል የወፈረ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ክሬም፣ ቅቤና ኬክ እዚያ ይቀመጣል። ለነገ የሚጋገረው ሊጥም እዚያ ያድራል፤ እርሾ ቅዝቃዜ ውስጥ አይሞትም፣ ሥራውን ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ቀስ ብሎ የቦካ ሊጥ ደግሞ ዳቦው ሲቆረስ ሽታው ሌላ ነው። ማወቅ ለሚወድ ሰው ብዙ ደስ የሚል ነገር ያለበት ክፍል ነበር። እቶን ግን የታየው ሌላ ነገር ነው፤ ከተማው በሙሉ በላብ ሲጠመቅ፣ እሱ ካፖርት ለብሶ፣ የሱፍ ኮፍያ አድርጎ፣ የኬክ ትሪ የሚደረድር ሰው መሆኑ። ከምድጃ ወደ ትሪ። ይህን ለማን ይነግረዋል?

ለመንገር አላሰበም ማለት አይደለም። የመጀመሪያ ቀን ቤቱ ሲገባ ቃሉን አዘጋጅቶ ነበር። ሚስቱ ግን ገና ጥላውን ስታይ ተነስታ ቬንትሌተሩን ወደ እሱ አዞረች። አንሶላውን ውሃ ነክራ ከበሩ ላይ ሰቀለች፤ እርጥብ ጨርቅ ሲደርቅ ከአየሩ ሙቀት ስለሚወስድ፣ በእሱ በኩል የሚገባው ነፋስ ቀዝቀዝ ይላል። ልጅቱ ውሃ አመጣች። ሽማግሌው ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ተነሱና «ና፣ እዚህ ጋ ይሻልሃል» አሉት። እቶን ተቀመጠ። «ነገ እነግራቸዋለሁ» አለ በሆዱ። ነገም እንዲሁ አለ።

አንድ ችግር ብቻ ነበረው። ከማቀዝቀዣ ክፍል የወጣ ሰው አያልበውም፤ ዳቦ ዳቦም አይሸትም። ስለዚህ በየቀኑ ከሥራ ከመውጣቱ በፊት አዲሱ ምድጃ አጠገብ ሄዶ አምስት ደቂቃ ይቆማል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ሲጣበቅ፣ ትንሽ ዱቄት ክንዱ ላይ በተን ያደርግና ወደ ቤቱ ይሄዳል። ወጣቱ ጋጋሪ መጀመሪያ የድሮ ሥራው ናፍቆት መስሎት ነበር። በኋላ ገባውና ይስቅበት ጀመር።

በስምንተኛው ሳምንት ልጅቱ ከትምህርት ቤት ቴርሞሜትር ይዛ መጣች። የቤት ሥራዋ ሙቀት መለካት ነው። ደብተሯ ላይ በማስመሪያ ሰንጠረዥ ሠራች፤ በአንድ በኩል ቦታው፣ በሌላ በኩል ዲግሪው። ፊተኛው ክፍል ሠላሳ ሦስት። ጓሮው ጥላ ሥር ሠላሳ አምስት። የአያቴ ክፍል ሠላሳ ስምንት። ከዚያ ቴርሞሜትሩን በመሀረብ ጠቅልላ ለአባቷ ሰጠችው።

«አባዬ፣ የምድጃውን ፊት ለክተህ አምጣልኝ። ከክፍላችን ማንም እንደዚህ ያለ ቦታ የለውም።»

በማግስቱ እቶን ቴርሞሜትሩን ከሊጡ ትሪ ጎን አስቀመጠው። አራት ዲግሪ አለ። ቆሞ አየው፤ በእስትንፋሱ ሊያሞቀው ፈልጎ ራሱን ታዘበ። አዲሱ ምድጃ ፊት ሄዶ ቢለካም ቁጥሩ የወጣቱ እንጂ የእሱ አይሆንም። ማታ ደብተሩን ተቀበለና በገዛ እጁ ሃምሳ ሁለት ብሎ ጻፈ።

ልጅቱ ሰንጠረዡን ክፍል ውስጥ አነበበች፤ ተጨበጨበላት። ቤት ስትመለስ ደግሞ ሰንጠረዡን ሥራ ላይ አዋለችው። ቬንትሌተሩ ቀን ቀን በየተራ ይዞር ነበር፤ ቁጥር ካለ ግን ተራ ምን ያደርጋል? «ሃምሳ ሁለት የዋለ ሰው ይቅደም» ብላ ወሰነች፤ ቬንትሌተሩም ቀኑን ሙሉ ከአባቷ ወንበር አጠገብ ሆኖ እሱን ይጠብቅ ጀመር። ሠላሳ ስምንት ሁለተኛ ሆነ። ሁለተኛ የሆነ ሰው ደግሞ አንድ ቬንትሌተር ባለበት ቤት ምንም አይደርሰውም።

አሁን ስለዚያች የቆርቆሮ ክፍል ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ቆርቆሮ ፀሐይን ተቀብሎ ዝም አይልም፤ እንደ ምድጃ ጣሪያ ቁልቁል ይመልሰዋል። ቬንትሌተርም አየሩን አያቀዘቅዝም፤ ላብን ነው የሚያደርቀው፤ ላቡ ሲደርቅ ገላ ይቀዘቅዛል። የሽማግሌ ገላ ግን ላብ ለማውጣት ይሰንፋል፣ ውሃ ጥሙንም ዘግይቶ ነው የሚናገረው። እንግዲህ ከአራቱ ሰው ሙቀቱ አደገኛ የነበረው በአንዱ ላይ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ዝም ያሉት ናቸው።

አንድ ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እቶን ላቡን ይዞ ገባ። ሚስቱ የተሰፋ ልብስ ልታደርስ ወጥታለች። «ኡፍ፣ ዛሬስ ገደለኝ» አለ እንደልማዱ። ሸሚዙን ከፈተ፣ ቬንትሌተሩን ወደ ደረቱ አዞረ፣ ዐይኑን ጨፈነ። አሥር ደቂቃ ያህል እንዲያ ተቀመጠ። ልጅቱ ለአያቷ ውሃ ልታደርስ ወደ ጓሮ ሄደች፤ ብርጭቆው ሲሰበር ተሰማ።

ሽማግሌው ከአልጋቸው ሥር ወለሉ ላይ ተዘርግተው ነበር፤ ገላቸው ደርቆ ይፋጃል።

ጤና ጣቢያ ውስጥ ነርሷ እርጥብ ጨርቅ ብብታቸው ሥር እያደረገች፣ ግሉኮሱን እያስተካከለች ጠየቀች። «ሰሞኑን ሞቀኝ፣ ደከመኝ ብለው ያውቃሉ?»

እቶን አፉን ሳይከፍት ልጅቱ መለሰች። «እኛ ቤት ሞቀኝ የሚለው አባዬ ነው።»

«ክፍላቸው ቬንትሌተር አለው?»

«የአያቴ ሠላሳ ስምንት ስለሆነ ለአባዬ ነው የምንሰጠው። የአባዬ ሃምሳ ሁለት ነው።»

ነርሷ እቶንን አየችው። ወደ ሥራዋ ተመለሰች። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። ያንን አሥር ደቂቃ ያስበው ነበር። እሱ ወንበሩ ላይ ሆኖ «ገደለኝ» ሲል፣ ግድግዳ ብቻ ነበር የሚለያቸው።

ማታ ላይ፣ ግለታቸው በርዶ ነፍስ ሲዘሩ፣ ሽማግሌውን ወደ ቤት መለሷቸው። ልብስ አድርሳ የተመለሰችው ሚስቱ ፊተኛው ክፍል ውስጥ ፍራሽ አነጠፈች፣ ቬንትሌተሩ ወደ እሳቸው ዞረ። እቶን እጅጌውን ሰብስቦ ጨርቅ ውሃ እየነከረ ግንባራቸው ላይ ያደርጋል። ሽማግሌው ቀኝ ክንዱን ያዙት። በአውራ ጣታቸው ከታች ወደ ላይ፣ ፀጉሩን እንደሚለካ ሰው ዳሰሱት።

«ዘጠኝ ሳምንት?» አሉት ቀስ ብለው።

እቶን አንገቱን ደፋ። «አሥር።»

«አንድ ሳምንት ሳትኩ። እርጅና ነው።»

«አባባ፣ ያውቁ ነበር?»

«አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ለፀጉር አስተካካይ ግን ይታወቃል። እሁድ እሁድ የማስተካክልህ እኔ አይደለሁም? ቅንድብህ አድጎ ልከረክመው ሁሉ ነበር፤ ምን ይለኛል ብዬ ተውኩት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ቬንትሌተሩን ለምን አልጠየቁም?»

«ብጠይቅ 'ለምን' ይባላል። 'ለምን' ከተባለ ነገሩ ይወጣል።» ትንሽ አረፉ። «አርባ ዓመት የሰው ፊት ላይ ምላጭ ይዤ ቆሜያለሁ። ምላጭ የያዘ ሰው አፉንም መያዝ አለበት። አንተ ራስህ እስክትናገር ጠበቅኩ። አንተ ደግሞ ልጄ፣ ቆየህ።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆሞ ነበር። ሚስቱ ሁሉንም ሰምታለች፤ ልጅቱም በሩ ላይ ቆማለች። እቶን ከዚያ በኋላ ፊቱን ከጨርቁ ላይ ሳያነሳ ተናገረ፤ ስለ አዲሱ ምድጃ፣ ስለ ማቀዝቀዣው ክፍል፣ ስለ አራት ዲግሪው።

ሚስቱ ከመኪናዋ ቀና አለች። «ኮፍያ ይሰጧችኋል?» አለች።

«የሱፍ።»

«የሱፍ ኮፍያ። እኔ አሥር ሳምንት ሙሉ አንሶላ እነክርልሃለሁ።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ከምድጃ መነሳት አያሳፍርም ነበር። እሱን ብትነግረኝ አብሬህ አዝን ነበር። ያሳፈርከን በሌላው ነው።»

ልጅቱ ደብተሯን አውጥታ ሃምሳ ሁለትን ሰረዘችው። ከዚያ ማስመሪያዋን ይዛ ከዲግሪው ጎን አንድ አዲስ ዓምድ አሰመረችና ከላዩ «ያየው ሰው» ብላ ጻፈች። በሦስቱ ቦታዎች ፊት «እኔ፣ እኔ፣ እኔ» አለች። በአባቷ ፊት ባዶውን ተወችው።

«አራት ብለሽ ጻፊው፤ እኔ አይቼዋለሁ» አላት።

«አንተ አትቆጠርም» አለችው። ስድብ አልነበረም፤ ሰንጠረዡን እየሠራች ነበር።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት በኋላ ይዟት ሄደ። አለቃው «ለአምስት ደቂቃ» ብሎ ፈቀደ። ካፖርቱን አለበሳት፤ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደረሰ። ወፍራሙ በር ሲዘጋ ከአፏ የወጣውን ጭስ አይታ ዐይኗ ፈጠጠ። እንደገና ተነፈሰች፤ እንደገና አየችው። ቴርሞሜትሩ ቀስ እያለ ወረደ፣ ወረደ፣ አራት ላይ ቆመ። ሊጡን አሳያት፤ ሌሊቱን ሙሉ በቀስታ እንደሚነፋ፣ እርሾው ለምን እንደማይሞት ነገራት። በጣቷ ጫን አድርጋ አየችው። ጥርሷ እየተንገጫገጨ ነበር።

«ቀኑን ሙሉ እዚህ ነህ?»

«አዎ።»

«ይበርድሃል?»

«በጣም።»

«ቤት ስትመጣ እሱን ማማረር ትችል ነበር» አለች። በደነዘዘ እጇ «4» ብላ ጻፈች፤ ከጎኑም «እኔ»።

በምድጃው አዳራሽ በኩል ሲወጡ ፊቱን ቀና አድርጎ ነበር፤ ያለቀ መስሎታል። እውነትን ሁሉ ተናግሬያለሁ ብሎ ራሱን አሳምኗል። ወጣቱ ጋጋሪ ከአዲሱ ምድጃ አጠገብ ሆኖ ከሩቅ ጠራው።

«እቶን፣ ዛሬ ላብህን ሳትወስድ ልትሄድ ነው?»

ሌሎቹ ሳቁ። ልጅቱ ቆመች። አባቷን አየችው፣ ከዚያ ምድጃውን፣ ከዚያ የሸሚዙን ጀርባ።

«ምን ላብ ነው አባዬ?»

በሩ ሁለት እርምጃ ይቀረዋል። ውጭው በሙቀት ነጭ ሆኖ ይታያል። እቶን ቀልድ ነው ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን ተወው። ከዱቄቱ ጆንያ ላይ ተቀመጠ፤ እሷንም ከጎኑ አስቀመጣት። ልጅቱ ደብተሯን እንደገና ከፈተች።

«ከመጀመሪያው ቀን ልጀምርልሽ» አላት።